ሳይቸግር ጀልባ ግዢ

ለንደን ውስጥ ቤት ልግዛ ብሎ የተነሳ ሰው ከሁሉ በፊት የሚማረው ትሕትናን ነው። የአንድ ተራ ቤት ዋጋ ግማሽ ሚሊዮን ፓውንድ አካባቢ በሆነበት ከተማ፣ ባንክ ገብቶ ደመወዙን ሲናገር ሠራተኛዋ መልስ ከመስጠቷ በፊት አንድ ብርጭቆ ውሃ ታቀርብለታለች። ከዚያ ወጥቶ ልቡን ሊያሳርፍ በሬጀንት ካናል ዳር ሲሄድ ታዲያ ያቺን ያያታል። ቀይና አረንጓዴ የተቀባች፣ ረጅም፣ ቀጭን ጀልባ። ጣሪያዋ ላይ የአበባ ማሰሮ፣ አሮጌ ብስክሌትና ፀሐይ የሚሞቅ ድመት። በሯ ላይ አንድ ጢሙን ያሳደገ ሰው በባዶ እግሩ ቆሞ ሻይ ይጠጣል። ነገሩ እዚያው ላይ ያልቃል። ጢማሙ ሻይ የሚጠጣው የውሃ ፓምፑ ተበላሽቶ ሜካኒክ እየጠበቀ መሆኑን የሚነግረው የለም።

በጀልባ ገዢዎች ላይ ያየሁትን ያህል ደስ የሚል ጅልነት ሌላ ቦታ አላየሁም። ደስ የሚል ያልኩት ማንንም ስለማይጎዳ ነው፤ ገዢውን ካልቆጠርን።

እነዚህ የቦይ ጀልባዎች እንግሊዞች ናሮውቦት የሚሏቸው ናቸው። ወርዳቸው 2 ሜትር ከ8 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። ልኩን የመረጠው አናጢ አይደለም። በ18ኛው መቶ ዘመን እነ ጄምስ ብሪንድሊ ቦዮቹን ሲያስቆፍሩ፣ ጀልባን ከዝቅተኛው ውሃ ወደ ከፍተኛው የሚያነሱትን የውሃ በሮች ጠባብ አድርገው ሠሯቸው፤ ጀልባውም በበሩ ልክ ተሰፋ። ርዝመቱ ግን እስከ 22 ሜትር ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ቤት ገዛሁ ያለው ሰው የገዛው ኮሪደር ነው። ሳሎኑ ኮሪደር፣ ወጥ ቤቱ ኮሪደር፣ መኝታ ቤቱም ኮሪደር። አንድ መልካም ጎን አለው፤ ባልና ሚስት ቢኳረፉ፣ አንዱ ወደ ሽንት ቤት ለማለፍ ሌላውን «ይቅርታ» ማለት ስላለበት ኩርፊያው አይሰነብትም።

ዋጋው ግን ያማልላል። ያገለገለች፣ ደህና የምትባል ጀልባ ከ40 ሺህ እስከ 80 ሺህ ፓውንድ ባለው ትገኛለች። ገዢው ወዲያው ሒሳብ ይሠራል፤ ለአፓርታማ ቅድሚያ ክፍያ ብቻ በሚወጣ ገንዘብ ሙሉ ቤት! ሒሳቡ ትክክል ነው። የጎደለው መሬት ብቻ ነው። የለንደን ቤት ዋጋ ከዓመት ዓመት የሚያድገው በጡቡ ሳይሆን ከሥሩ ባለው መሬት ሲሆን፣ ከጀልባ ሥር ያለው ውሃ ነው፤ ውሃውም የሌላ ነው። ብረቷ ከዓመት ዓመት ያረጃል እንጂ አይወደድም። ባንክ ተራውን የቤት ብድር አይሰጥባትም። እንደ መሬት ባለቤቷ የግድ የሚመዘገብበት የመንግሥት መዝገብም የለም፤ አብዛኛውን ጊዜ በእጅ የሚቀረው የሽያጭ ውልና ደረሰኝ ነው። አገር ቤት ለካርታ ሲል ክፍለ ከተማ ተመላልሶ ጫማ የጨረሰ ሰው ይህን ሲሰማ «ካርታ የሌለው ቤት?» ብሎ ያማትባል። ያገራችን ልጅ ግን አንዴ ልቡ ከተነሳ ማማተብም አይመልሰው።

ለመሆኑ ይህ ፍቅር ከየት መጣ? ቦዮቹ የተቆፈሩት ለሽርሽር አልነበረም። በፈረንጆቹ 1761 የተከፈተው የብሪጅዎተር ቦይ የታሰበው የድንጋይ ከሰል ወደ ማንችስተር እንዲያጓጉዝ ነበር። ጀልባውን ፈረስ ይጎትተዋል፤ ጀልበኛው ከኋላ ሆኖ ይመራዋል። ባቡር መጥቶ ገበያውን ሲሻማው ጀልበኛው የኪራይ ቤቱን ለቀቀና ሚስቱንና ልጆቹን ጀልባዋ ላይ አሳፈረ። ሚስትየዋ ደመወዝ የሌላት ሠራተኛ ሆነች፤ ቤተሰቡም ርዝመቷ 3 ሜትር ገደማ በሆነች ክፍል ውስጥ ታጨቀ። ነገሩ ከልክ በማለፉ ፓርላማው በ1877 የቦይ ጀልባዎች አዋጅ አውጥቶ ጀልባዎቹ እንዲመዘገቡና የሚያድርባቸው ሰው ቁጥር እንዲወሰን አደረገ። እነዚያ ሰዎች ጀልባ ላይ የኖሩት ነፃነት ፈልገው አልነበረም፤ ኪራይ ስላልቻሉ ነው። ኑሮው ውብ መባል የጀመረው ጭነቱ ሊሞት ሲያጣጥር ነው። በ1944 ኤል. ቲ. ሲ. ሮልት የተባለ መሐንዲስ ስለ ጀልባ ኑሮው «ናሮው ቦት» የተሰኘ መጽሐፍ አሳተመ፤ ሁለት ዓመት ቆይቶ ቦዮቹን ከመደፈን የሚታደግ ማኅበር ሲመሠረት ከመሥራቾቹ አንዱ እሱ ነበር። ከ1962 ወደ 1963 የተሻገረው የብርድ ወቅት ደግሞ ቦዮቹን ለሳምንታት በበረዶ ቆልፎ የቀረውን የንግድ ጭነት ከሞላ ጎደል ጨረሰው። ከሰሉ ወጣ፤ የአበባ ማሰሮው ገባ። የዓለም ነገር እንዲህ ነው፤ ድሃ የሸሸውን ኑሮ የልጅ ልጁ ገንዘብ ከፍሎ ይገባበታል።

አንድ ጊዜ ባልና ሚስት ጀልባ ሊያዩ ሲሄዱ ተከትያቸው ሄጃለሁ። የአገሬ ልጆች ናቸው፤ ሁለቱም የተማሩ፣ ሁለቱም አትክልት ሲገዙ እንኳ ሦስት ሱቅ ዞረው ዋጋ የሚያወዳድሩ። ሻጩ ብልህ ነበር። ከመድረሳችን በፊት ምድጃውን አንድዶ፣ ዳቦ እየጋገረ ጠበቀን። እሷ የነሐስ እጀታዎቹን ዳበሰች። እሱ የመጽሐፍ መደርደሪያውን በስንዝር ለካ። «መጋረጃዎቹ አብረው ይሸጣሉ?» አለች። ይሸጣሉ። «ክብ መስኮቶቹ እንዴት ያምራሉ!» አለ እሱ። ሻጩም እውነት ነው አለ። ጥግ ላይ አንዲት ትንሽ ምንጣፍ ተነጥፋ ነበር፤ ሳላስበው ስረግጣት ጭቅ አለች። ሻጩ አየኝ፤ እኔም አየሁት። «ዳቦ ትቀምሳለህ?» አለኝ።

ሣሩን እንጂ ገደሉን አላዩም። ገደሉ ያለው ከታች ነው። ጀልባዋ ብረት ናት፤ በዚህ ዘመን ስትሠራ የወለሏ ብረት በአብዛኛው 10 ሚሊሜትር፣ ውሃው ውስጥ ያለው ጎኗ 6፣ ከላይ ያለው አካሏ 4 ሚሊሜትር ውፍረት አለው። ውሃ ሥራ አይፈታም፤ ብረቱን ነጥብ በነጥብ እየቆረጠመ ያሳሳዋል። ስለዚህ አስተዋይ ገዢ ጀልባዋን ከውሃ አስወጥቶ ባለሙያ ያስመረምራታል። ባለሙያው ሆዷን በመዶሻ እየቆረቆረ ድምፁን ያዳምጣል፤ ቀጥሎ በአልትራሳውንድ ውፍረቷን ይለካል። ብዙ መድን ሰጪዎች ከ4 ሚሊሜትር የሳሳ ብረት ሲያዩ ፊታቸውን ያዞራሉ። ከተገዛች በኋላም በየሁለት በየሦስት ዓመቱ ወጥታ፣ ተፍቃ፣ ጥቁር ቅብ መቀባት አለባት። በየ4 ዓመቱ ጋዟ፣ ነዳጇና ኤሌክትሪኳ ተፈትሾ የደኅንነት ሰርተፊኬት ታወጣለች። መድኑና ዓመታዊ ፈቃዱ ሌላ ነው። ባልና ሚስቱ ባለሙያ የመጥራት ነገር ተነስቶላቸው ነበር። ሻጩ ግን «ነገ ሌላ ገዢ ይመጣል» አለ። ከዚያ ወዲያ ማን ይሰማል? የባለሙያ ሪፖርት እንደሆነ ዳቦ ዳቦ አይሸትም።

ከተገዛች በኋላ የምትነሳው ጥያቄ የት ትቁም የሚል ነው። በእንግሊዝና በዌልስ 3,200 ኪሎሜትር ገደማ ቦይና ወንዝ የሚያስተዳድረው ከ2012 ጀምሮ ካናል ኤንድ ሪቨር ትረስት የተባለው በጎ አድራጎት ድርጅት ነው። ቋሚ መቆሚያ በተለይ ለንደን ውስጥ ብርቅም ውድም ስለሆነ፣ ብዙው አዲስ ገዢ ያለ መቆሚያ ተጓዥ ሆኖ ይመዘገባል። የ1995ቱ ሕግ ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ቀላል ግዴታ ይሰጠዋል፤ አንድ ቦታ ላይ ከ14 ቀን በላይ እንዳትቆም። ከአንዱ ድልድይ ወደ ሌላው እየዘለሉ እዚያው ሰፈር መመላለስም አያዋጣም፤ በዓመት ውስጥ የተጓዘበት ክልል ከ32 ኪሎሜትር ያነሰ ሰው ፈቃዱን ለማሳደስ መከራውን ያያል። ከ2024 ጀምሮ ደግሞ መቆሚያ የሌላቸው በፈቃዱ ላይ ተጨማሪ ይከፍላሉ። ከአከራይ ጭቅጭቅ ያመለጠው ሰው እንግዲህ በየሁለት ሳምንቱ ራሱን በራሱ ከሰፈር ያስለቅቃል። ባል ለእናቱ አዲስ አበባ ደውሎ ያበሠረ ዕለት አጠገቡ ነበርኩ።

«እማዬ፣ ቤት ገዛን!»

«እልልል! ተመስገን! የት ሰፈር ነው ልጄ?»

«ሰፈሩ በየሁለት ሳምንቱ ይለዋወጣል።»

ትንሽ ዝምታ ሆነ። «ምነው፣ ከጎረቤት ጋር አልተስማማችሁም?»

«ኧረ ቤቱ ራሱ ነው የሚሄደው!»

«ልጄ፣ እዚያ አገር ጸበል አለ?»

እናትየው አልተሳሳቱም፤ ፈውስ የሚያስፈልግበት ወቅት እየመጣ ነበር። ሰኔ ላይ ጀልባ የገዛ ሰው የገዛው ሰኔን ነው። ጀልባዋን የሚያውቃት ኅዳር ሲገባ ነው። ማታው በአሥር ሰዓት ይጀምራል፤ ጣሪያው ላይ ያለው ሶላር ከጌጥ አይሻልም። ባትሪውን ለመሙላት ሞተር ማስነሳት አለበት፤ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት እስከ ጠዋቱ ሁለት ሰዓት ደግሞ ሞተር ማንጓጓት በደንቡ የተከለከለ ነው። ተራው የአሲድ ባትሪ በተደጋጋሚ ከግማሽ በታች ከወረደ ዕድሜው ያጥራል። ስለዚህ ባለቤቱ ማታ ማታ ፊልም አያይም፤ የባትሪውን ቁጥር ነው የሚያየው። መስኮቶቹ ያልባቸዋል፤ ፍራሹ ከሥሩ ይረጥባል። ውሃ ከቧንቧ ሳይሆን ከጋን ነው፤ ጋኑ ሲያልቅ ጀልባዋን አስነስቶ ውሃ ወደሚቀዳበት መሄድ፣ ተሰልፎ መጠበቅ ነው። ከሰሉ በ20 ኪሎ ከረጢት ከጣሪያ ይወርዳል፤ አመዱ በባልዲ ይወጣል። ጋዙ የሚያልቀው ሁሌም ሽሮው ሳይንተከተክ ነው። እኛ ከጀሪካንና ከፈረቃ መብራት ሸሽተን ውቅያኖስ የተሻገርን ሰዎች፣ ይህን ኑሮ በ60 ሺህ ፓውንድ የገዛውን ወገናችንን ቆመን ስናይ የምንለው ይጠፋናል።

ሚስትየዋ የእንጀራ ምጣዷን ይዛ ነበር የገባችው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል። ይህን ከ12 ቮልት ባትሪ ማውጣት ማለት ከ250 አምፔር በላይ መጋት ማለት ነው። ምጣዱ ተሰካ፤ የባትሪውን ኤሌክትሪክ ለቤት ዕቃ የሚለውጠው ኢንቨርተር አንድ ጊዜ ሲጥ ብሎ ጨለማ ሆነ። ዛሬ ምጣዱ ጣሪያ ላይ ሆኖ የአበባ ማሰሮ ተሸክሟል፤ የሚያልፉ ፈረንጆች «እንዴት ያለ ቆንጆ ጠረጴዛ!» እያሉ ፎቶ ያነሱታል።

ቡናውስ? አንድ እሑድ እንግዶች ተጠርተን፣ ከመካከላችን አንድ ጋሼ የምንላቸው አዛውንት ነበሩ። ሬከቦቱ ተዘረጋ፣ ማንደጃው ላይ ከሰል ተያያዘ፣ በሩና መስኮቱ በብርዱ ምክንያት ግጥም ብሎ ተዘጋ። አቦሉ ተቀድቶ ገና ፉት ከማለታችን ግድግዳው ላይ ያለች ነጭ ሣጥን ጆሮ የሚበጥስ ጩኸት ለቀቀች።

«ይቺ ደግሞ ምን ትላለች?» አሉ ጋሼ።

«ውጡ ነው የምትለን፤ የከሰሉ መርዝ ነው።»

«ቶናው ሳይደርስ?»

ጋሼን ደግፈን ወጣን። ሳቁ እንዳለ ሆኖ፣ ሣጥኗ ልክ ነበረች። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ በጠባብ የብረት ክፍል ውስጥ ተኝቶ ያለን ሰው እንቅልፉን ሳያቋርጥ ይወስደዋል። ለዚህ ነው ሰው በሚያድርበት ጀልባ ሁሉ ማስጠንቀቂያው የግድ የሆነው። ቶናና በረካውን ቦይ ዳር በካፖርት ጠጣነው።

አሁን ወደ ማይቀረው ጉዳይ ልግባ። ጀልባ ላይ ያለ ሰው ከሦስት ሃይማኖት በአንዱ ያምናል። አንደኛው ካሴት ነው፤ ሽንት ቤቱ ሥር የምትገባ ተሸካሚ ሣጥን፣ ስትሞላ በእጅ ተጎትታ መድፊያ ቦታ የምትሄድ። ሁለተኛው ትልቁ ጋን ነው፤ ለወራት ይጠራቀምና በክፍያ በፓምፕ ይመጠጣል። ሦስተኛው ፈሳሹን ከደረቁ ለይቶ፣ ደረቁን በሰጋቱራ አልብሶ ወደ አፈርነት የሚመልሰው ነው። የሦስቱ ተከታዮች ሲገናኙ ስለ አየር ሁኔታ ይጀምሩና በአምስት ደቂቃ ውስጥ እዚያው ናቸው። ዶክተር፣ የሕግ ባለሙያ፣ የቫዮሊን መምህር ሻማ አብርተው፣ ወይን ቀድተው፣ አንዱ ስለ ካሴቱ፣ ሌላው ስለ ሰጋቱራው ሲከራከሩ ሰምቻለሁ። ግም ለግም አብረህ አዝግም ያለው ያገሬ ሰው ይህን ማኅበር ሳያይ እንዴት እንደተረተ ይገርመኛል። የእኛው ባልም በካሴት ያምናል። ቅዳሜ ጠዋት ካሴቱን በጋሪ እየጎተተ በካፌዎቹ ፊት ሲያልፍ፣ ቁርስ የሚበሉት ሰዎች ጊታር ተጫዋች መስሏቸው በአክብሮት መንገድ ይለቁለታል።

ስለ መንዳቱ ብዙ አልልም። ጀልባዋ ፍሬን የላትም። ወደ ቀኝ ለመሄድ መሪውን ወደ ግራ ይገፉታል። የፍጥነት ወሰኑ በሰዓት 6 ኪሎሜትር ተኩል የማይሞላ ነው፤ እርምጃው ፈጣን የሆነ ውሻ ይቀድማታል። ግን ከ15 ቶን በላይ የሚመዝን ብረት በውሻ ፍጥነትም ቢሆን የሰው ጀልባ ሲገጭ መደርደሪያ ላይ ያለው ሰሃን ሁሉ ይሰማዋል። የውሃ በሩ ዘንድ ደግሞ ቀልድ የለም። ውሃው ዝቅ በሚልበት ጊዜ የጀልባዋ ጀርባ ከበሩ ሥር ባለው የድንጋይ ደፍ ላይ ከተንጠለጠለ፣ ፊቷ ከውሃው ጋር ይወርዳል፣ ጀርባዋ ይቀራል፤ በደቂቃዎች ውስጥ ትሰጥማለች። ይህ ሁሉ የሚሆነው ደግሞ አይስክሬም የሚልስ ተመልካች በተሰበሰበበት ነው።

ይህን ሁሉ ያየ ሰው ይማረር ይሆን? በፍጹም! የትዝብቴ ዋና ነገር እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያው የብርድ ወቅት ያለፈለት ባለ ጀልባ ከመምህርነት በታች አይወርድም። ትናንት ገመድ ማሰር ያቃተው ሰው ዛሬ የሌላውን ቋጠሮ ያርማል። አፓርታማ ያለውን ጓደኛውን «አንተ እኮ የምትጠቀመውን ውሃ አታውቀውም» ብሎ በሐዘን ያየዋል። ጓደኛው በበኩሉ የሚያውቀው ሲከፍተው እንደሚወርድለት ነው፤ ይህም አልጎዳውም። ባለ ጀልባው ድካሙን ሁሉ ወደ ጥበብ ቀይሮታል፤ ምክንያቱም አንድ ነገር በሒሳቡ ላይ አልነበረም። ርካሽ ቤት አልገዛም፤ ዋጋውን ከፍሎ የጨረሰው መስሎት የቀረውን በጉልበት፣ በየቀኑ፣ በባልዲ እየከፈለ ነው። ይህን ከማመን መምህር መሆን ይቀላል።

ጀልባ ጭራሽ ትርፍ ያስገኛል የሚል ካለም አንድ ምሳሌ አውቃለሁ። ደራሲዋ ፔኔሎፒ ፊትዝጄራልድ ከልጆቿ ጋር በቴምዝ ወንዝ ላይ በአሮጌ የጭነት ጀልባ ትኖር ነበር። ጀልባዋ በ1963 ከነንብረታቸው ሰጠመች። ከዚያ ኑሮ የተቀዳው «ኦፍሾር» የተሰኘ ልቦለዷ በ1979 የቡከርን ሽልማት አገኘ። ይህ ግን በሒሳብ ሲታይ ደካማ ኢንቨስትመንት ነው፤ አንድ ጀልባና የ16 ዓመት ትዕግሥት ይጠይቃል፤ መጻፍ መቻልም አለ።

ባልና ሚስቱ ሰሞኑን ጀልባዋን ሊሸጡ አስበዋል፤ ልጅ ሊወለድ ስለሆነ ኮሪደሩ አይበቃም። ማስታወቂያውን አብረን አየነው። «ሞቅ ያለች፣ ባለ ምድጃ፣ ክብ መስኮቶች፣ የነሐስ እጀታዎች፣ መጋረጃዎቹን ጨምሮ» ይላል። ሰኔ ላይ በፀሐይ የተነሳ ፎቶ አለበት። ስለ ካሴቱ፣ ስለ ባትሪውና ስለ ምንጣፏ ምንም አላገኘሁም። ለምን ብዬ ስጠይቅ «ገዢው ራሱ ይማረዋል» አለኝ ባል፤ ይህን ሲል ሚስትየዋ ዱቄት እያቦካች ነበር።

ስለዚህ በዚህ ወር ጀልባ ለማየት ቀጠሮ የያዛችሁ ወገኖች፣ በልታችሁ ሂዱ። በጥር ሂዱ። ሦስት ነገር ጠይቁ፤ ሆዷ ስንት ሚሊሜትር ቀረው? የት ነው የሚደፋው? የት ነው የምትቆመው? ሻጩ ለአንዱም መልስ ሳይሰጥ ስለ መጋረጃው ካነሳ፣ ዳቦውን አመስግናችሁ ውጡ።